በሌላ ዓለም ነባቢት ነፍስ ብትገኝ ክርስቶስ ለማን ሞተ?

በ2019 ታኅሣሥ ወር (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ጠበብት ማኅበር ለየሀገሩ አንዳንድ ኮከብና በዚያ ኮከብ ዙሪያ የሚሽከረከር አንዳንድ ፕላኔት መድቦ ስም እንዲያወጡላቸው ባቀረበው ጥሪ መሠረት፣ ለሀገራችን የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱም «አቦል» ተብለው ተሰየሙ። ዜናው በተሰማ ሰሞን በአንድ ቁምስና የእሑድ ትምህርተ ክርስቶስ እንሰጥ ነበር። ምሥጢረ ሜሮንን ለመቀበል ከሚዘጋጁት መካከል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እጁን አነሣና፣ «አባ፣ በአቦል ላይ ሰዎች ቢኖሩ ጌታችን ለእነርሱም ሞቷል?» ሲል ጠየቀን። እኛም፣ ለምን እንደ ሆነ ዛሬም አናውቀውም፣ «አስቀድሞ ቶናውና በረካው ይቅረብ፤ ከዚያ በኋላ እናወራለን» ብለን መለስንለት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም። ምሥጢሩን ከተቀበለ በኋላም ከትምህርቱ ቀረ። ያስቀረው ያ ቀልድ ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን ቀልዱ ምንም ድርሻ አልነበረውም ብለን ራሳችንን ማጽናናትም አልቻልንም።

ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ጥያቄ ከሌሎች ካቴኪስቶች አፍ ደጋግመን ሰምተነዋል። ጥያቄው የልጅ ጨዋታ መስሎ የሚታየው ላይ ላዩን ለሚመለከት ሰው ነው። በየእሑዱ ቆመን በምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት፣ እግዚአብሔር ለሚታየውም ለማይታየውም ሁሉ ፈጣሪ መሆኑንና አንድያ ልጁም ስለ እኛና ስለ መዳናችን ከሰማይ መውረዱን እንመሰክራለን። እንግዲህ «ሁሉ» ስንል በእውነት ሁሉ ማለታችን ነውን? ወይስ በአፋችን የፍጥረት ሁሉ ጌታ የምንለውን በልባችን የአንዲት መንደር ጌታ አድርገነዋል? ልጁ የነካው ይህንን ነበር።

አስቀድመን የታወቀውን ካልታወቀው እንለይ። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ የእኛን ፀሐይ በመሰለ በሌላ ኮከብ ዙሪያ የሚዞር ፕላኔት መኖሩን በርግጠኝነት ያረጋገጠ ሊቅ አልነበረም። በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ የተባሉ ስዊዘርላንዳውያን ተመራማሪዎች የአንድን ኮከብ ጥቃቅን መወዛወዝ በመለካት፣ በዙሪያው የሚዞር ግዙፍ ፕላኔት መኖሩን አስታወቁ፤ ስለዚህም ሥራቸው በ2019 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የታወቁት ፕላኔቶች ቁጥር በ2025 ከ6,000 አልፏል። የእኛው አቦል በ2009 የተገኘ ሲሆን፣ ከምድር 200 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ክብደቱም በፀሐይ ዙሪያ ካሉት ፕላኔቶች ታላቅ ከሆነው ከጁፒተር በአራት እጥፍ ይበልጣል። ይህን ያህል ግዙፍ የሆነ ፕላኔት በአብዛኛው የጋዝ ክምችት ነውና እግር የሚያርፍበት መሬት አይኖረውም። ስለዚህ ለልጁ «በአቦል ላይ ሰው ሊቆም አይችልም» ብለን ብንመልስለት ኖሮ እውነት በተናገርን ነበር፤ ጥያቄውን ግን ባልመለስንለት ነበር።

ሕይወት ያለው ነገር ከምድራችን ውጭ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይህንን ካቴኪስቶቻችን አጥብቀው እንዲይዙት እንወዳለን፤ ምክንያቱም በየጊዜው «ተገኘ» የሚል ወሬ መሰማቱ አይቀርምና። በ1996 ከማርስ መጥቶ በአንታርክቲካ በረዶ ላይ የወደቀ ድንጋይ የጥቃቅን ሕያዋን ቅሪት ይዟል ተብሎ ዓለም ሁሉ ጉድ ሲል፣ ከጊዜ በኋላ አብዛኞቹ ሊቃውንት ምልክቶቹ ያለ ሕይወትም ሊገኙ እንደሚችሉ ተናገሩ። በ2025 ደግሞ የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት መንኮራኩር በማርስ ላይ፣ በጥንት ዘመን ውኃ በነበረበት ስፍራ ያገኘው ዐለት የቀድሞ ሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል ነገር ያሳያል ተባለ፤ መርማሪዎቹ ራሳቸው ግን ሌላ ፍቺ ሊኖረው እንደሚችል አልሸሸጉም። ከሌላ ዓለም የሚመጣ የሬዲዮ ድምፅ ለመስማት ፍራንክ ድሬክ የተባለው አሜሪካዊ በ1960 ጆሮውን ወደ ሰማይ ካቀና ጀምሮም፣ የተረጋገጠ መልእክት አልተሰማም። ፍለጋው ግን በከንቱ የሚደረግ አይደለም። የሚፈልጉትም ሰዎች ከሃዲዎች ናቸው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ከእነርሱ መካከል ቆራቢዎች እንዳሉም ወደ ኋላ እንመለከታለን።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ነገር ምን ወስናለች? በቀጥታ ምንም አልወሰነችም። ሊቃውንቷ ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት ዝም ብለው አልኖሩም። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ዓለም አንድ ብቻ ናት የሚለውን የአርስጣጣሊስን ትምህርት ተቀብሎ፣ የፍጥረት ሥርዓት አንድነት የፈጣሪውን አንድነት ያሳያል ብሎ አስተምሯል። እርሱ ባረፈ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1277 የፓሪስ ጳጳስ ኤቲየን ታምፒዬ በዩኒቨርሲቲው ይሰጡ ከነበሩት ትምህርቶች 219 ዐረፍተ ነገሮችን አወገዙ። ከተወገዙት አንዱ፣ እግዚአብሔር ብዙ ዓለማትን ሊፈጥር አይችልም የሚለው ነበር። ጳጳሱ ብዙ ዓለማት አሉ ማለታቸው አልነበረም፤ «አይችልም» የሚለውን ቃል በእግዚአብሔር ላይ የሚጭን ፈላስፋ ከልኩ አልፏል ማለታቸው ነበር። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለእኛ ግን የነገሩ ሁሉ መሠረት ነው።

በ1440 ኒኮላስ ዘኩሳ በጻፈው መጽሐፍ በሌሎች ከዋክብት ላይም ነዋሪዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ በግልጥ ተናገረ። እንዲህ ያለውን ሐሳብ የጻፈ ሰው ተከሰሰ ብለን እንጠብቅ ይሆናል፤ እርሱ ግን ከስምንት ዓመት በኋላ ካርዲናል ሆነ። እዚህ ላይ አንባቢ፣ «ጆርዳኖ ብሩኖስ?» ብሎ ቢጠይቀን ተገቢ ነው። ብሩኖ በ1600 በሮም በእሳት ተቃጥሎ ሞተ። ከተከሰሰባቸው ነገሮች መካከል የዓለማት ብዛት ትምህርቱም ነበረበት፤ ይሁን እንጂ ምሥጢረ ሥላሴንና የክርስቶስን አምላክነት በሚመለከት የቀረቡበት ክሶች የከበዱ ነበሩ። ይህንን የምንናገረው ታሪኩ በትክክል እንዲታወቅ እንጂ ፍርዱን ለማስዋብ አይደለም። ሰውን ስለ ሐሳቡ በእሳት ማቃጠል ከወንጌል ጋር የሚስማማ ሥራ አልነበረም፤ አሁንም አይደለም።

በእኛ ዘመን የቫቲካን የከዋክብት መመልከቻ ማዕከል አለ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ በ1891 እንደገና ያቋቋሙት ይህ ማዕከል በኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት የሚመራ ሲሆን፣ በአሜሪካ በአሪዞና ተራራ ላይ የራሱ ቴሌስኮፕ አለው። የማዕከሉ ኃላፊ የነበሩት አርጀንቲናዊው ካህን አባ ሆሴ ገብርኤል ፉኔስ በ2008 ለቫቲካን ጋዜጣ በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ በሌላ ዓለም ፍጡር ቢኖር እርሱን ወንድም ብሎ መጥራት ከእምነታችን ጋር እንደማይጋጭ ተናግረዋል። በ2009 የቫቲካን የሳይንስ አካዳሚ ስለ ሕይወት አመጣጥና በሌሎች ዓለማት ስለ መኖሩ የሚመክሩ ሊቃውንትን ሰብስቦ አወያይቷል። እንግዲህ የልጁን ጥያቄ ቀልደን ያለፍነው፣ የገዛ ቤታችን ሊቃውንት በጉባኤ የተቀመጡለትን ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ክርስትናን ለመንቀፍ ይህን ጥያቄ በኃይል የተጠቀመበት እንግሊዛዊው ቶማስ ፔይን ነው። በ1794 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዓለማት እልፍ ከሆኑና በእያንዳንዳቸው ኃጢአት ካለ፣ የእግዚአብሔር ልጅ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ከመሞት በቀር ሌላ ሥራ ሊኖረው ነውን? ብሎ ተሳለቀ። እንዲህ ያለው አምላክ በአንዲት ትንሽ ምድር ላይ አንድ ጊዜ ለመሞት መምጣቱም ለእርሱ አይታመንም ነበር። ፌዙን ትተን ክርክሩን ብንመረምር፣ ሁለት ነገሮች ተደባልቀውበት እናገኛለን።

አንደኛው የመጠን ነገር ነው። ምድር ትንሽ ናት፤ ስለዚህ እግዚአብሔር በእርሷ ላይ እንዲህ ያለ ታላቅ ሥራ ሊሠራ አይገባውም የሚል ነው። ይህ ግን የሥነ ፈለክ ክርክር አይደለም፤ የትዕቢተኞች የቆየ ክርክር ነው። እግዚአብሔር ከሕዝቦች ሁሉ ጥቂት የነበረውን እስራኤልን፣ ከእስራኤልም ቤተ ልሔምን፣ ከቤተ ልሔምም በረትን የመረጠ አምላክ ነው። መዝሙረኛው ዳዊት ሰማያትን አይቶ ሰው ምን ያህል ኢምንት እንደ ሆነ ሲደነቅ ቴሌስኮፕ አልነበረውም፤ የሰማይ ስፋት ግን አልተሰወረበትም። በመጠን የሚለካ ፍቅር ቢኖር ኖሮ እናት ከልጇ ይልቅ ቤቷን በወደደች ነበር።

ሁለተኛው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። በሌላ ዓለም ነባቢትና ለባዊት ነፍስ ያላቸው፣ መልካሙንና ክፉውን ለይተው የሚያውቁ፣ ኃጢአትም የሠሩ ፍጡራን ቢኖሩ ድኅነታቸው ከየት ነው? እነርሱ ከአዳም ዘር አይደሉም፤ ክርስቶስ ደግሞ የነሣው የአዳምን ሥጋ ነው። የዕብራውያን መልእክት፣ ጌታ የረዳው የአብርሃምን ዘር እንጂ መላእክትን እንዳልሆነ ይናገራል (ዕብ. 2:16)። እዚህ ላይ ሊቃውንት የሄዱባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው።

በአስራ አምስተኛው ምእት ዓመት የኖረው ፍራንሲስካዊው ጊዮም ዘቮሪዮን ይህንኑ ጥያቄ በቀጥታ አንሥቶት ነበር፤ ክርስቶስ በዚህች ምድር በመሞቱ የሌላ ዓለም ነዋሪዎችንም ሊያድን ይችላልን? ብሎ ጠይቆ፣ «አዎን፣ ዓለማት ቁጥር ባይኖራቸውም እንኳ ይችላል» የሚል አሳብ ያለው መልስ ሰጠ፤ በሌላ ዓለም ደግሞ ይሞት ዘንድ አይገባም አለ። የዚህ መንገድ መሠረት የቆላስይስ መልእክት ነው (ቆላ. 1:15-20)። በዚያ ቅዱስ ጳውሎስ በምድርም በሰማይም ያለው ሁሉ በክርስቶስ እንደ ተፈጠረና በመስቀሉ ደም እንደ ታረቀ ያስተምራል። የዕብራውያን መልእክትም መሥዋዕቱ አንድ ጊዜ ለዘለዓለም የቀረበ መሆኑን ደጋግሞ ያስረግጣል።

ቅዱስ ቶማስ ደግሞ፣ ስለ ሌላ ዓለም ነዋሪዎች እያሰበ ሳይሆን ምሥጢረ ሥጋዌን ሲያብራራ፣ አንዱ መለኮታዊ አካል ከአንድ በላይ ሰብአዊ ባሕርይ ሊነሣ ይችላልን? ብሎ ጠይቋል። መልሱም፣ የእግዚአብሔር ኃይል በአንድ ፍጡር ተወስኖ የሚያበቃ ስላልሆነ ይችላል የሚል ነው። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ የዘመናችን መምህራን፣ ቃል በሌላ ዓለም የሌላ ፍጥረት ሥጋ ሊለብስ መቻሉን መካድ አይገባም ይላሉ። ይህ ሐሳብ የሚያስደነግጣቸው ምእመናን እንዳሉ እናውቃለን። ነገር ግን ልብ እንበል፤ እንዲህ ቢሆን እንኳ ሁለት ክርስቶሶች አይኖሩም፤ ቃል አንድ ነውና።

ሦስተኛው መንገድ ከአበው የመጣ ነው። ጌታችን ስለ ጠፋችው በግ በተናገረው ምሳሌ፣ እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዲቱን ፍለጋ ይወጣል (ሉቃ. 15:3-7)። ከጥንት አባቶች ብዙዎቹ፣ ከእነርሱም ቅዱስ አምብሮስ፣ ዘጠና ዘጠኙ መላእክት ናቸው፤ የጠፋችው በግ የሰው ዘር ነው ብለው ተርጉመዋል። እንግዲህ በሌላ ዓለም ነባብያን ቢኖሩ የግድ እንደ እኛ መውደቅ አለባቸውን? ምናልባት ካልጠፉት መካከል ይሆናሉ። ቶማስ ፔይን ኃጢአት በየዓለሙ እንዳለ አድርጎ ሲያወራ ማን ነገረው? ስለ ራሳችን የምናውቀውን ብቻ ይዘን ስለ ሌላው መፍረድ ልማዳችን ነው።

እኛ ከሦስቱ ወደ የትኛው እናዘነብላለን? ወደ መጀመሪያው ነው። ምክንያታችንም ይህ ነው፦ ቃል ሥጋ በሆነ ጊዜ የተዋሐደው ከአፈር የተበጀ አካል ነው። በእኛ አካል ውስጥ ያለው ብረትና ካልሲየም በጥንታውያን ከዋክብት ሆድ ውስጥ የተሠራ መሆኑን የዘመኑ ሥነ ፈለክ ያስተምረናል። ጌታ ከእመቤታችን የነሣው ሥጋ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ስለዚህ በቤተ ልሔም የተወለደው የምድር ዘመድ ብቻ አይደለም፤ ከዋክብትን ሁሉ ያስገኘው ግዙፍ ፍጥረት በእርሱ አካል ውስጥ ከመለኮት ጋር ተዋሕዷል። የሮሜ መልእክት ፍጥረት ሁሉ በምጥ እንደሚቃትትና ነጻነቱን እንደሚጠባበቅ ሲናገር (ሮሜ 8:19-22) ቃሉን አሳንሰን ማንበብ የለብንም። ይሁን እንጂ ይህ የእኛ ዝንባሌ ነው፤ አንቀጸ ሃይማኖት አይደለም። ካቴኪስት ሆኖ ይህንን እንደ ዶግማ የሚያስተምር ቢኖር ስሕተቱ የእኛ ሳይሆን የእርሱ ይሁን።

«ታዲያ ወሬው እንዴት ይደርሳቸዋል?» የሚል ሰው ይነሣል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ1977 ከምድር የተነሣችው ቮያጀር 1 የተባለች መንኮራኩር ከአርባ ዓመት በላይ ያለ ዕረፍት ተጉዛ የሄደችው፣ ብርሃን በአንድ ቀን ገደማ የሚጓዘውን ያህል ነው። ወደ አቦል ደግሞ ብርሃን ራሱ 200 ዓመት ይፈጅበታል። ወደዚያ ካቴኪስት የሚልክ ሀገረ ስብከት አይኖርም። ነገር ግን ይህ ችግር ከሰማይ አዲስ የወረደ አይደለም። ወንጌል ሳይሰማ በአንዲስ ተራሮች የኖረ ገበሬ፣ ከሐዋርያት በፊትም በኋላም በዚህች ምድር እልፍ ነበረ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው ሐዋርያዊ ድንጋጌ፣ መንፈስ ቅዱስ እግዚአብሔር ብቻ በሚያውቀው መንገድ ለሰው ሁሉ ከትንሣኤው ምሥጢር ተካፋይ የመሆንን ዕድል እንደሚሰጥ አስተምሯል። ጉባኤው የተናገረው ስለ ሰው ነው፤ ሆኖም ውቅያኖስ ያልገደበው መንፈስ ጠፈር ይገድበዋል ብለን እናስብ ዘንድ አንገደድም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ እነርሱ ነው፤ መኖራቸው ስላልታወቀው። ስለ እኛ የሚናገረው የጥያቄው ገጽ ግን ይበልጥ ያስጨንቀናል።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በዘመኑ፣ ከምድር በታችኛው ወገን፣ እግራቸው ከእግራችን ትይዩ ሆኖ የሚኖሩ ሰዎች አሉ የሚለውን ወሬ አልተቀበለም። የአዳም ልጆች ያን ሰፊ ውቅያኖስ ተሻግረው እዚያ ሊደርሱ አይችሉም፤ ከአዳም ያልተወለደ ሰው ደግሞ የለም የሚል ነበር መከራከሪያው። በ748 ቪርጊሊዮስ የተባለ አየርላንዳዊ መነኩሴ ከምድር በታች ሌሎች ሰዎች አሉ ብሎ ያስተምራል ተብሎ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዘካርያስ ፊት ተከሰሰ። ጳጳሱም ነገሩ እውነት ሆኖ ከተገኘ እንዲወገዝ ጻፉ። ቪርጊሊዮስ ግን የሳልዝቡርግ ጳጳስ ሆነ፤ በ1233ም ቅዱስ ተብሎ ታወጀ። ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ መርከበኞች ውቅያኖሱን ሲሻገሩ፣ በማዶ ሰዎች ነበሩ። ይህን ጊዜ ጥያቄው ተለወጠ፤ «አሉን?» መሆኑ ቀርቶ «ሰዎች ናቸውን?» ሆነ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ በ1537 ባወጡት ሐዋርያዊ ደብዳቤ፣ የአሜሪካ ተወላጆች እውነተኛ ሰዎች መሆናቸውን፣ እምነትን ሊቀበሉ እንደሚችሉ፣ ነጻነታቸውና ንብረታቸውም ሊነጠቅ እንደማይገባ አወጁ። አዋጁ ተነበበ፤ ምርኮውና ባርነቱ ግን አልቆመም። ያንን ባርነት የፈጸሙት የተጠመቁ ሰዎች ነበሩ።

ይህንን ስንናገር የሩቅ ሀገር ሰዎችን ብቻ ለመክሰስ አይደለም። በእኛም ሀገር ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን «ቡዳ» ብለን ከማዕዳችን አርቀን፣ ጋብቻውን ንቀን፣ በአንዳንድ ስፍራ የቀብሩን ቦታ ሳይቀር ለይተን ኖረናል። አቦል የተባለውን ፕላኔት ስም በሰማን ጊዜ ሁላችንም ኮራን። ነገር ግን አቦሉ የሚቀዳባትን ጀበና ማን ሠራት? ጭቃውን ያቦካችው፣ ያደረቀችውና የተኰሰችው ሴት በብዙ አካባቢ ከዚያች ጀበና ከሌሎች ጋር ተቀምጣ እንድትጠጣ አልተፈቀደላትም ነበር፤ ዛሬም ይህ ነገር ፈጽሞ ጠፍቷል ብሎ የሚምል ካለ ወደ ገጠር ወጥቶ ይመልከት። በ200 የብርሃን ዓመት ርቀት ያለውን ፍጡር ወንድማችን ነው ብሎ መናገር ምንም አያስከፍልም። ሸክላ ሠሪዋን በቅዳሴ ሰላምታ ጊዜ እጇን መጨበጥ ግን ያስከፍላል። የከዋክብቱን ጥያቄ ለልጆች ስናስተምር ይህን ብናስቀር ትምህርታችን ጉድለት ይኖረዋል ብለን እናምናለን።

ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ያሳርፍና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ በግንቦት 2014 በማለዳ ቅዳሴ ላይ ባሰሙት ስብከት፣ ነገ የማርስ ሰዎች መጥተው ከመካከላቸው አንዱ ልጠመቅ ቢል ምን እንደምናደርግ ለምእመናን ጥያቄ አቅርበው ነበር። ጋዜጦች ቃሉን ስለ ማርስ እንደ ተነገረ አድርገው አራገቡት። ስብከቱ ግን የተመሠረተው ቅዱስ ጴጥሮስ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት በመግባቱ በኢየሩሳሌም በተነሣበት ተቃውሞ ላይ ነበር (ሐዋ. 11:1-18)። ለእነዚያ ተቃዋሚዎች ያልተገረዘው ሮማዊ የማርስ ሰው ያህል ሩቅ ነበርና። የቫቲካን የከዋክብት መመልከቻን ለብዙ ዓመታት የመሩት ኢየሱሳዊው ወንድም ጋይ ኮንሶልማኞም እንግዳውን ፍጡር ያጠምቁት እንደ ሆነ ሲጠየቁ፣ ከጠየቀ ብቻ የሚል መልስ ሰጥተዋል። መልሱ ቀልድ ቢመስልም ሥርዓት አለበት፤ ጥምቀት በግድ አይሰጥም፤ ለሚጠይቅም አይከለከልም።

ለእኛ ኢትዮጵያውያን ይህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባም። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ፊልጶስን የጠየቀው ይህንኑ ነበር፤ ውኃው እነሆ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድን ነው? (ሐዋ. 8:26-40) በዚያ ዘመን ለሮም ዓለም ሰዎች ኢትዮጵያ የምድር ዳርቻ ነበረች፤ ከእርሷ ወዲያ ያለው ወሬ ብቻ ነበር። ፊልጶስ ከሰረገላው ላይ ወጥቶ የተቀመጠው ከምድር ዳርቻ ከመጣ፣ በሕጉ ወደ ጉባኤው ሊገባ ከማይፈቀድለት ሰው አጠገብ ነው። የሚከለክልም አላገኘም።

ለካቴኪስቶቻችን ጥቂት ማሳሰቢያ አለን። ጥያቄው ሲነሣ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሌሎች ዓለማት ነዋሪዎች በስውር ተናግሯል እያላችሁ አትድከሙ። ጌታችን ከዚህ በረት ያልሆኑ ሌሎች በጎች አሉኝ ሲል (ዮሐ. 10:16) የተናገረው ስለ አሕዛብ ነው። የነቢዩ ኤልያስን ሰረገላ መንኮራኩር የሚያደርጉ መጻሕፍትም በየመደብሩ ሞልተዋል፤ ገንዘባችሁን አታጥፉ። በሌላ በኩል ደግሞ እምነታችሁን «በሌላ ዓለም ሕይወት የለም» በሚል ወሬ ላይ አትሥሩት። ነገ አንድ መንኮራኩር ከማርስ ጭቃ ውስጥ አንዲት ረቂቅ ሕያው ነገር ይዞ ቢመለስ ቅዳሴያችን ከወትሮው አንዲት ቃል አይቀነስበትም። ረቂቅ ሕያውና ነባቢት ነፍስ የተለያዩ መሆናቸውንም ለልጆቹ አስረዷቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚደባለቀው ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት ያ ልጅ፣ አሁን ጐልማሳ ሆኖ፣ ለእኅቱ ልጅ የክርስትና አባት ሊሆን ወደ ቁምስናው መጣ። አወቅነው፤ እርሱም አወቀን። ከጥምቀቱ በፊት በግቢው ውስጥ ጥቂት ተቀምጠን ሳለ ጥያቄውን እኛው አነሣንለትና በዚህ ጽሑፍ ያስቀመጥነውን ያህል አወራነው። በጸጥታ ሰማን። «መልካም ነው አባ፤ ግን ያን ጊዜ ‘አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ’ ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር» አለን። ይቅርታ ጠየቅነው። ሊመልስልን አፉን ሲከፍት ሕፃኑ አለቀሰ፤ ዲያቆኑም ውኃው ቀርቧል ብሎ ጠራን።